ሳምቡሳ ጠባሿን ከማባረር ዘይቱን መመርመር ይሻላል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን ካለፈ በኋላ ሰፊው የፎገራ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋለታል። በክረምት ውኃ ያቆረው የሩዝ ማሳ፣ በበጋ ደግሞ በመስኖ የለማው የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ ዓይን ይስባል። የሜዳው ማእከል የሆነችው ወረታ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ በመሆኗ፣ በመነኸሪያዋ የሚወርድና የሚሳፈር ሰው ብዙ ነው። መንገደኛው ከመኪናው እንደ ወረደ በመጀመሪያ የሚቀበለው የሚጠበስ ሊጥ ሽታ ነው፤ በከሰል ምድጃ ላይ በተጣደ ብረት ድስት ውስጥ ምስር የተሞላ ሳምቡሳ ችስ እያለ ይጠበሳል።

ባለፈው ጊዜ በዚያ ሳልፍ እኔም እንደ ሌላው መንገደኛ ቆሜ ሁለት ሳምቡሳ ገዛሁ። ትኩስ ነበር፤ ሲነከስ ኩርሽም ይላል፤ ከውስጡ የምስሩና የቃሪያው እንፋሎት ይወጣል። ይሁንና ዓይኔ ድስቱ ውስጥ ባለው ዘይት ላይ አረፈ። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቡናማ አድልቷል፤ አረፋውም ሳምቡሳው ከወጣ በኋላ ቶሎ አልከሰመም። ሻጯ ሥራዬን ጠይቃኝ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን ነግሬያት ስለ ነበር፣ «እኅቴ፣ ይህን ዘይት ከጣድሽው ስንት ቀን ሆነው?» አልኳት።

«መምህር፣ አንድ ሊትር ዘይት ስንት እንደ ገባ ያውቃሉ?» አለችኝ። «በየቀኑ ብደፋው ልጆቼን በምን አበላለሁ? የሚሻለውን ይንገሩኝና እሱን ላድርግ። ‹ከዚህ ተነሺ› የሚለኝ እንጂ ‹እንዲህ አድርጊ› የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።»

ዓመታት ያስተማርኩትን ኬሚስትሪ ይዤ በዚያች ደቂቃ የረባ መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልግለጽ። የመንገድ ዳር ጥብስ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚሰነዘረው «ለጤና ጠንቅ ነውና ይነሡ» የሚል ብያኔ ሳይንሳዊ መሠረቱ ደካማ ነው። ጉድለቱ በሻጯ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም፤ ዕውቀቱን በቤተ ሙከራ ቆልፈን ባስቀመጥነው በእኛም ላይ ነው።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ

ሳምቡሳ በአገራችን ቤተኛ ይሁን እንጂ አመጣጡ ከሩቅ ነው። ስሙ ከፋርስኛ የተገኘ ሲሆን፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የፋርስ ታሪክ ጸሐፊ ባይሃቂ ያወሳዋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ታዋቂው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በዴሊ ሱልጣን ማዕድ ላይ የተፈጨ ሥጋ፣ ለውዝና ቅመም የተሞላ፣ በቅቤ የተጠበሰ ሳምቡሳ መቅረቡን ጽፏል። ይኸው የምግብ ቤተሰብ በሕንድ ሳሞሳ፣ በዐረቡ ዓለም ሳምቡሳክ፣ በፖርቹጋሎች ዘንድ ሻሙሳ ይባላል። በማሌዥያ ደግሞ ድንችና ካሪ የተሞላው፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ካሪፓፕ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እንደ ወረታው ሳምቡሳ እርሱም በመንገድ ዳር ተጠብሶ በትኩሱ ይበላል።

በእኛ ዘንድ ሳምቡሳ የሁሉም ነው። በረመዳን የማፍጠሪያ ማዕድ ያለ እርሱ አይሞላም፤ ምስር የተሞላው ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ለጿሚው ምእመን ይቀርባል። በአነስተኛ ዋጋ ሆድ የሚይዝ፣ ከጥራጥሬ የተሠራ፣ ሸክላና ማንኪያ የማይፈልግ ምግብ ነው። እንዲህ ያለውን ምግብ ከጎዳና ማጥፋት ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ማን እንደሚበላው ልብ ያላለ ሰው ነው።

ትኩስነት ጥበቃ ነው

በድስቱ ውስጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንመልከት። ለጥብስ የሚስማማው የዘይት ሙቀት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ በ1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ በሊጡ ያለው ውኃ ወዲያውኑ ወደ እንፋሎት ይለወጥና እየተስፈነጠረ ይወጣል። የምናየው አረፋና የምንሰማው ድምፅ ይኸው ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ በብዛት ወደ ውስጥ ሊገባ አይችልም። የሊጡ ገጽ ውኃውን ሲጨርስ ሙቀቱ ከመፍያ ነጥብ በላይ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጠው በስኳርና በአሚኖ አሲድ መካከል የሚካሄድ ኬሚካላዊ ለውጥ ቡናማውን ቀለምና የሚማርከውን መዓዛ ይሰጠዋል።

ብዙዎች የማያውቁት ቁም ነገር እዚህ ላይ አለ። ሳምቡሳው አብዛኛውን ዘይት የሚጠጣው ድስት ውስጥ ሳለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውኃ ይመለሳል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በገጹ ላይ የቀረው ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። በመሆኑም ሳምቡሳውን በባለ ቀዳዳ ጭልፋ አውጥቶ፣ ገና እንደ ጋለ ማራገፍና በሽቦ ወንፊት ላይ ማንጠፍጠፍ ሰውየው የሚበላውን ዘይት ይቀንሳል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ከተሕዋስያን አንጻርም ትኩስ ጥብስ ከመንገድ ዳር ምግቦች ሁሉ የተሻለ ዋስትና ያለው ነው። ሙቀቱ አብዛኞቹን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይገድላል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው የሙቀት ክልል ውስጥ ለረጅም ሰዓት የቆየ እርጥብ ምስር ለባክቴሪያ መራቢያ ምቹ ነው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ ደግሞ ዳግመኛ በመጥበስ አይጠፋም። ስለዚህ ያደረን ሳምቡሳ መልሶ ጠብሶ መሸጥ ችግሩን አይፈውስም። በአንጻሩ ዓይናችሁ እያየ ከድስት የወጣው ሳምቡሳ ባልታጠበ ብርጭቆ ከሚቀርብ ጭማቂ ይልቅ የሚታመን ነው።

ዘይት እንዴት ያረጃል?

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዘይት በጋለ ቁጥር ሦስት ነገሮች ይደርሱበታል። አንደኛ፣ ከሊጡ የሚወጣው ውኃ የዘይቱን ሞለኪውሎች ይሰነጥቃቸዋል፤ የተለቀቁት ፋቲ አሲዶችም ዘይቱ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲጨስ ያደርጉታል። ሁለተኛ፣ የአየር ኦክስጅን ከዘይቱ ጋር ይዋሐድና አልዲሃይድ የሚባሉ ውሁዶችን ያስገኛል፤ የቆየ ዘይት የሚሸተው በእነዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ዘይቱ ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል፣ አረፋውም አልጠፋ ይላል። የእነዚህ ሁሉ ውጤት የሆኑት ውሁዶች በጥቅሉ «ፖላር ውሁዶች» ይባላሉ። በርካታ የአውሮፓ አገሮች መጠናቸው ከዘይቱ ከ24 እስከ 27 በመቶ ሲደርስ ዘይቱ እንዲወገድ ይደነግጋሉ፤ ሕንድም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 25 በመቶን ወሰን አድርጋለች።

ልብ በሉ፤ ወሰኑ «አንድ ጊዜ» ወይም «ሁለት ጊዜ» አይልም። ዘይት በተደጋጋሚ መጥበሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ወሰኑን ካለፈ በኋላም መጠቀም ነው። «ዘይት ዳግመኛ ከጋለ መርዝ ነው» የሚለው አባባል ከሳይንሱ የራቀ ከመሆኑም በላይ ማንም ሊፈጽመው የማይችል ትእዛዝ ነው። ሊፈጸም የማይችል ትእዛዝ ደግሞ ሰው ሊፈጸም የሚችለውንም እንዲተው ያደርጋል።

ኑግ ወይስ ፓልም?

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎቼን ላስቀይም እችላለሁ። «የፈረንጅ ዘይት ነው የፈጀን፤ የኑግ ዘይት ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም» ሲባል እሰማለሁ። ኑግ መገኛው የኛው አገር የሆነ፣ የምንኮራበት ሰብል ነው። ለወጥ ማቁያነት የኑግ ዘይትን የሚያህል ጣዕም እኔም አላውቅም። ነገር ግን ከፋቲ አሲዶቹ 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በምግብነቱ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ በሞለኪውሉ ውስጥ ሁለት ድርብ ትስስሮች ስላሉት ከኦሌይክ አሲድ በአሥር እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል። በአንጻሩ ፓልም ዘይት 10 በመቶ ያህል ሊኖሌይክ ብቻ አለው፤ የቀረው በአብዛኛው ሙቀትን የሚቋቋሙት ፓልሚቲክና ኦሌይክ አሲዶች ናቸው። ስለሆነም ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ለሚውል ድስት ፓልም ከኑግ ይልቅ ይጸናል።

ይህ ማለት ፓልም ዘይት ለጤና ተመራጭ ነው ማለት አይደለም። ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ በመሆኑ በብዛት ሲበላ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። እኔ የምለው አንድን ዘይት «ጥሩ» ሌላውን «መጥፎ» ከማለት በፊት «ለምን ሥራ?» ብለን እንጠይቅ ነው። ኑጉ ለወጡ፣ ጸንቶ የሚቆየው ለጥብሱ ይሁን፤ ጥብሱም የዘወትር ምግባችን አይሁን።

ዘይቱ ከየት እንደሚመጣም እናስታውስ። ከዓለም የፓልም ዘይት አብዛኛው የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው፤ የካሪፓፕ አገር ዘይት የወረታን ሳምቡሳ ይጠብሳል ማለት ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይላክ ለሳምንታት ባገደች ጊዜ የዓለም ገበያ ተናውጧል፤ በዚያው በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የምግብ ዘይት ዋጋ ማሻቀቡን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. በክልላችን ቡሬ ከተማ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ነበር፤ ይሁንና ፋብሪካ ብቻውን የቅባት እህልን ጥያቄ አይመልስም። እንግዲህ በመነኸሪያው ያለችው ሴት ዘይቷን የማትደፋው ንጽሕና ስለማታውቅ አይደለም። ከእርሷ አቅም በላይ የሆነ ሒሳብ ስላለባት ነው።

የትንሹ ድስት ሒሳብ

የምትችለውስ ምንድን ነው? አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። እንበልና በቀን 200 ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ እያንዳንዱም 5 ግራም ዘይት ይዞ ይወጣል። በቀን 1 ኪሎ ግራም ዘይት ከድስቱ ይወጣል፤ እርሷም ያንኑ ያህል አዲስ ዘይት ትጨምራለች። ድስቷ 6 ኪሎ ግራም የሚይዝ ከሆነ ዘይቱ በድስቱ ውስጥ በአማካይ 6 ቀን ይቆያል። 2 ኪሎ ግራም የሚይዝ ከሆነ ግን አማካይ ቆይታው 2 ቀን ብቻ ነው። የሚሸጠው ሳምቡሳ ያው ነው፤ የሚገዛው ዘይት ያው ነው፤ የዘይቱ ዕድሜ ግን በሦስት እጥፍ ያንሳል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። ለሻጭ፦ አነስ ያለና ጠለቅ ያለ ድስት ከሰፊው ይሻላል፤ አፉ ስለሚጠብም ከአየር ጋር የሚገናኘው ዘይት ያንሳል። ለገዢ፦ ገበያ የበዛላት፣ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቃት ጠባሽ ዘይቷ ቶሎ ቶሎ ስለሚተካ ገዢ ከሌላት ይልቅ ትመረጣለች። እንግዲህ ሻጮችን ከመነኸሪያ አባርሮ ወደ ጓሮ መግፋት ምን እንደሚያስከትል አስቡት። ገዢያቸው ይቀንሳል፤ ዘይታቸው የባሰ ያረጃል። ለጤና በሚል የተወሰደው ርምጃ ጤናን ይጎዳል።

ከድስቱ በተጨማሪ ወጪ የሌላቸው ሌሎች ልማዶችም አሉ። በየማታው ዘይቱን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ያረረውን ፍርፋሪ ማስወገድ፤ ከብርሃን ጠብቆ፣ ከድኖ ማሳደር፤ እሳቱን ማብረድ፣ ዘይቱ እንዲጨስ አለመፍቀድ፤ ጨው ከድስቱ በላይ አለመነስነስ ናቸው። ሳምቡሳውንም በጋዜጣ አለመጠቅለል ይገባል፤ የኅትመት ቀለም በትኩስ ዘይት ይሟሟልና። ዘይቱ ካጠቆረ፣ ከወፈረ፣ አረፋው አልከስም ካለ፣ ወይም በመካከለኛ እሳት ከጨሰ ግን ጊዜው አልፏል፤ አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም አሮጌው አይታደስም።

ስለ ጭሱ ሳነሣ ስለ ሻጯ ጤናም መናገር አለብኝ። ሁልጊዜ የምንጨነቀው ለበላተኛው ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ፣ በከፍተኛ ሙቀት ከሚደረግ ጥብስ የሚወጣው ጭስ ለካንሰር የመዳረግ ዕድሉ ከፍ ካሉት ነገሮች ተርታ ተመድቧል። መንገደኛው አንድ ሳምቡሳ በልቶ ይሄዳል፤ እርሷ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቷን በድስቱ ላይ ደፍታ ትውላለች። እሳቱን ማብረድ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ለእርሷ ነው።

የእኛ ድርሻ

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ይህ የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ፋኩልቲውን ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን ያገባናል እላለሁ። በዘይት ውስጥ ያለን ነጻ ፋቲ አሲድ ለመለካት የሚያስፈልገው ቢሬት፣ አልኮል፣ ፊኖልፍታሊንና የታወቀ መጠን ያለው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ነው፤ ይህን ተማሪዎቻችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሠሩት ልምምድ ነው። በየዓመቱ በንጹሕ አሲድ ላይ ከምናደጋግመው ይልቅ ናሙናውን ከመነኸሪያው ብናመጣ ምን ይጎድልብናል? ውጤቱን ለሻጯ በምትረዳው ቋንቋ ብንነግራትስ? ፖላር ውሁዶችን በቀለም ለውጥ የሚያሳዩ ጠቋሚ ወረቀቶችም በዓለም ገበያ አሉ።

ሁለተኛው ሐሳቤ ሳሙና ነው። ጊዜው ያለፈበት ዘይት በኮስቲክ ሶዳ አማካይነት ሳሙና ይሆናል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ሥራው በሠለጠነ እጅ መሠራት አለበት። አንድ የወጣቶች ማኅበር ከሻጮቹ ያረጀውን ዘይት ተቀብሎ በምትኩ የልብስ ሳሙና ቢሰጣቸው ዘይቱን መጣል ኪሳራ መሆኑ ይቀራል፤ ዘይቱም ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አይፈስም። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና እንደሚገቡ ደግሞ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛው ከፎገራ ምድር የመነጨ ነው። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች የሩዝ ዱቄት የገባበት መሸፈኛ ሊጥ ከስንዴ ብቻ ከተሠራው ያነሰ ዘይት እንደሚጠጣ ታይቷል። የሩዝ ዱቄት ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ሳምቡሳን ከእርሱ ብቻ መሥራት አይቻልም፤ ከስንዴው ጋር በልዩ ልዩ መጠን መቀላቀል ግን ይቻላል። የፎገራ እናቶች ሩዝን ከጤፍ ጋር አዋሕደው እንጀራ ማድረግን ተክነውበታል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም እዚያው ወረታ ይገኛል። ስንት እጅ ሩዝ ሲገባ ሊጡ ሳይሰነጠቅ ዘይቱ እንደሚቀንስ መፈተሽ ለአንድ ተማሪ የሚበቃ የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ውጤቱም በመደርደሪያ ላይ አይቀርም።

ከተማን የሚያስተዳድሩ ወገኖችም ከማባረር ይልቅ ጥላ፣ ውኃና የተወሰነ ቦታ ቢሰጡ ቁጥጥሩ ራሱ ይቀልላቸዋል፤ በቋሚ ቦታ ያለን ሰው መምከርም መቆጣጠርም ይቻላል።

እኔም ወደ ወረታ እመለሳለሁ። ለዚያች እኅት «ድስትሽን አሳንሽ፤ ማታ አጥልዪው፤ እሳቱን አብርጂ፤ በሽቦ ላይ አንጠፍጥፊው» እላታለሁ። አራቱም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቋትም። «መቼ ልድፋው?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን በግምት ሳይሆን በልኬት ልመልስላት እሻለሁ። ለዚያ የሚያስፈልገው ቢሬት በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከተማሪዎቼ መካከል አብሮኝ ናሙና ለመሰብሰብ ፈቃደኛ የሆነ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።